የአዳራሹ ውሳኔና የሰቆጣ ማጀት

«የአፍሪካ አንድነት የመሪዎችና የአምባሳደሮች ጉዳይ ነው፤ የዋግ ገበሬ ከዚህ ምን ያገኛል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። በሌላው ወገን ደግሞ «ውሳኔው በአህጉሩ ጉባኤ ከጸደቀ ሥራው ተፈጸመ» ብለው የሚያርፉ አሉ። የሁለቱ ሐሳብ ተቃራኒ ይምሰል እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የአገሮች ኅብረትና የአንድ አገር ፖሊሲ በየቤታቸው ዘግተው የሚኖሩ፣ የማይጠያየቁ ነገሮች ናቸው ብለው መገመታቸው ነው። ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን የሚያስረዳ ምስክር ቢፈለግ ከሰቆጣ የተሻለ አይገኝም።

ዋግ ከመንግሥት ታሪክ ውጭ የነበረ አገር አይደለም። ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ሰቆጣም አሞሌ ጨው የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የታወቀች ገበያ ነበረች። የዋግን ምድር የሚያዋስነው ተከዜም ወሰን ሳያግደው ወደ ሱዳን ይወርዳል። እንግዲህ ከሩቅ ጎረቤት ጋር መገናኘት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1977 ዓ.ም. ረኀብ በዋግና በአካባቢው በጸና ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ትቶ ወደ ኮረም ጐረፈ። ድርቁ ጎረቤት አገሮችንም ያጠቃ ስለ ነበረ በ1978 ዓ.ም. ስድስት የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ድርቅን ለመከላከልና ለልማት የሚሠራ ድርጅት አቋቁመው ጽሕፈት ቤቱን በጅቡቲ አደረጉ። ይህ ድርጅት በ1988 ዓ.ም. ሥልጣኑ ሰፍቶ ዛሬ ኢጋድ የምንለው ሆነ። ስለዚህ ኅብረቱን የወለደው የመሪዎች ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ማጀት ባዶ መሆኑም ነው እንጂ።

ነገሩ ከታች ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ከላይ ወደ ታችም ይሄዳል። በሰኔ 2006 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በማላቦ ተሰብስበው እስከ 2017 ዓ.ም. ረኀብን ለማጥፋትና የሕፃናትን መቀንጨር ወደ ከመቶ 10 ለማውረድ ቃል ገቡ። በዓመቱ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በሰቆጣ ስም የተጠራውን ቃል ኪዳን ዐወጀ፤ ዓላማውም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ማስወገድ ነው። ጤናው፣ እርሻው፣ ውሃውና ትምህርቱ በአንድነት እንዲሠሩ ታስቦ ሥራው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። አንዱ ሌላውን ወለደ አልልም፤ ነገር ግን የማላቦው ቃል መለኪያ ነው፣ የሰቆጣው ቃል ደግሞ የሚለካው ሥራ ነው። መለኪያ ያለ ሥራ ከንቱ ነው፤ ሥራም ያለ መለኪያ ራሱን በራሱ ያሞግሳል።

መለኪያውስ ምን አሳየን? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 38ቱ፣ በአማራ ክልል ከመቶ 46ቱ ቀንጭረው ተገኙ። በ2011 ዓ.ም. የአገሪቱ ቍጥር ከመቶ 37 ነበረ። የማላቦ ቀነ ገደብ ዓላማው ሳይሞላ አለፈ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. በካምፓላ ሌላ የዐሥር ዓመት ቃል ተገባ። ቃል በቃል ላይ ቢደራረብ ሕፃን አያጠግብም።

«አገሪቱ ድሀ ናት፤ የአህጉሩ ግዴታ ሁሉ ሊሞላላት አይችልም» የሚል ሹም ይኖራል። እንዲህ ከሆነ የማይሸከሙትን ስለ ምን ይፈርሟል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ ነገር ግን ከሃምሳው እያንዳንዱ የራሱን ሎሚ ለባልንጀራው ትቶ ቢሄድ ሎሚው መንገድ ላይ ይቀራል። ኅብረቱ ሪፖርት ይጠይቃል እንጂ ለወረዳው በጀት አይመድብም፤ በጀቱን የሚያጸድቀው የአገሩ ምክር ቤት ነው።

ኅብረቱ ለዋግ አይጠቅምም ለሚሉትም መልስ አለ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ዋግ ደርሶ ሕዝቡን ባፈናቀለ ጊዜ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት የተገኘው በአፍሪካ ኅብረት ሸምጋይነት ነው። ሆኖም ሸምጋይ ጠብን ያበርዳል እንጂ የተፈናቀለውን ወደ ቀዬው አይመልስም፤ ዘር አይሰጥም፣ የፈረሰ ጤና ጣቢያ አይሠራም። ይህ የገዛ ራሳችን መንግሥት ዕዳ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲደረግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መንግሥት በአህጉሩ ጉባኤ ቃል በገባ ቍጥር የቃሉ ዋጋ ተሰልቶ በዚያው ዓመት ለምክር ቤት ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ለኅብረቱ የሚላከው ሪፖርት ከወረዳ ተነሥቶ ወደ ላይ ይዘጋጅ፤ ከመላኩም አስቀድሞ በሰቆጣና በየቀበሌው፣ በአማርኛና በኽምጣኛ፣ እውነቱን በሚያውቀው ሕዝብ ፊት ይነበብ። እናቶች «ይህ ሐሰት ነው» የሚሉትን ሪፖርት ወደ አዳራሹ መላክ ኅብረቱንም አገሩንም ማታለል ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እስከ 2022 ዓ.ም. የቀሩት ዓመታት ጥቂት ናቸው። መንግሥት ቃሉን በሰቆጣ ስም ሲጠራ ሰቆጣን ምስክር አድርጎ ጠርቷል፤ ቀኑ ሲደርስ የሚጠየቀው የአዳራሹ ጭብጨባ ሳይሆን የማጀቱ ሌማት ነው።