የባሕር ሙላትና የድኻ ላም

ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚጐድል፤ ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ሰሞን ደግሞ ሙላቱ ከወትሮው ከፍ እንደሚል በባሕር ዳር የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል። ቤቱንም የሚሠራው ይህንኑ ልክ አይቶ ነው። ጥፋት የሚመጣው ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ውሃውን ወደ ምድር እየገፋ ከሙላቱ ሰዓት ጋራ የተገናኘ እንደ ሆነ ነው።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓመት በኖቬምበር 12 ቀን ሌሊት፤ ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ባንግላዴሽ የደረሰው ይህ ነው። የሞተው ሰው ከ300 ሺህ እንደማያንስ ይገመታል። ታዙሙዲን በምትባለው ወረዳ ከ167 ሺህ ሕዝብ ከመቶው 45 የሚበልጠው አለቀ።

ይህ ሁሉ እልቂት የመጣው ነፋሱ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም፤ ገና በባሕር ላይ ሳለ ታይቶ በሬድዮም ተነግሮ ነበር። ነገር ግን ኰረብታ በሌለበት ደልዳላ ደሴት ላይ ለሚኖር ገበሬ ወዴት እንደሚሸሽ ሳያሳዩት ሽሽ ቢሉት ምን ይጠቅመዋል?

ከዚያ ወዲህ መንግሥትና ቀይ መስቀል በ1972 ዓመት የጀመሩት ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው። ዛሬ ከ70 ሺህ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች ባንዲራ እየሰቀሉ፤ በድምፅ ማጉያ እየተጣሩ፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በረጃጅም ዓምድ ላይ የቆሙ የስሚንቶ መጠጊያዎችም ተሠርተዋል፤ ብዙዎቹ በደኅና ቀን ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ1991 ዓመት መጠጊያው ገና ጥቂት ስለ ነበረ 138 ሺህ ያህል ሰው ሞተ፤ በ2020 ዓመት ግን ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አስቀድሞ ስለ ተነሣ ሟቹ በዐሥሮች የሚቈጠር ሆነ።

ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ከቤቱ የማይወጣ ሰው ዛሬም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ልበ ደንዳና ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ እነዚህ ነቃፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ላም የሌላቸው ናቸው። ላሙን ጥሎ የሸሸ ድኻ ከውሃው ቢተርፍ በማግሥቱ በምን ያርሳል፤ ልጆቹንስ ምን ያጠጣል? ጨው የጠጣው እርሻም ቶሎ አያበቅልለትም። ለከብት መጠጊያ ይሆን ዘንድ ሙጂብ ኪላ የሚባለው የዐፈር ጕብታ በዚያ አገር መከመሩ ይህን ነገር የተረዳ ሰው እንደ ነበረ ያሳያል፤ በኋላ ግን ብዙው ጕብታ ጠባቂ አጥቶ ተናደ።

የሴቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። በ1991 ዓመት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት የሞቱት ልጅ ሲሰበስቡና ባል ሲጠብቁ ብቻ አይደለም፤ ከባዕድ ወንድ ጋራ በአንድ አዳራሽ ተጨናንቆ ማደርን ነውር አድርገው ስለ ቈጠሩትም ጭምር ነው።

እንግዲህ ባሕሩ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ በሚሄድበት በዚህ ዘመን፤ ለአዲስ መጠጊያ ገንዘብ የሚሰጡ መንግሥታት የሰዉን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የከብቱንም ሊጠይቁ ይገባል። አዳራሹም ለሴቶች የተለየ ክፍል ያለው፤ ሕፃን ያዘለች እናት በጨለማና በዝናም በእግሯ ልትደርስበት የምትችል ይሁን።