የኡኖዋ ጥቁር ፕላስቲክ ይቀባ ወይስ አይቀባ?

ይቀባ!

ፊያት ኡኖ የተወለደችው ቶሪኖ ነው። ቶሪኖ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከምድር ወገብ 45 ዲግሪ የራቀች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከምድር ወገብ የምትርቀውም 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከፍታችን ብቻውን 20 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ጨረር ያመጣብናል ማለት ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው ገና አልተቆጠረም። የኡኖዋ ፓራውልት፣ በበሮቹ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ፕላስቲክ፣ የስፖኪዮው ሽፋን ለዚህ ፀሐይ አልተሠሩም።

ጥቁሩ ፕላስቲክ ጥቁር የሆነው ለመልክ ብቻ አይደለም። ውስጡ የተደባለቀው የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን እየዋጠ ፕላስቲኩን ይከላከልለታል። የላይኛው ስስ ገጽ ግን ከዓመታት በኋላ ይሸነፋል፤ ይነጣል፣ አመድ ይለብሳል፣ በዓይን በማይለዩ ስንጥቆች ይሞላል። ብዙ ሰው አመዱን አይቶ የመልክ ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ስብራት መጀመሩን ነው የማየው። እንዲህ የደረቀ ፓራውልት በኅዳር ማለዳ ብርድ የግቢ በር ጫፍ ቢነካው እንደ ገል ይሰበራል።

ሲሰበር በምን እንተካዋለን? ኡኖ እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ለዓለም ታየች፤ በቀጣዩ ዓመት ፔዦ 205ን በልጣ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ሆነች፤ በዓለም ዙሪያ 8.8 ሚሊዮን ገደማ ተመርታለች። ጣሊያን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 አበቃች። እኛ አገር ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሌላ ኡኖ አይመጣልንም። የመለዋወጫ መሸጫው ሶማሌ ተራ ቀኑን ሙሉ ዞረን የምናገኘው ፓራውልት ከሌላ ኡኖ የተፈታ፣ ያንኑ ፀሐይ የጠጣ ነው።

«ፕላስቲክ ቀለም አይዝም» የሚሉኝ አሉ። ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ ዘመን ፓራውልት በብዛት የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የገጹ ጉልበት በሜትር 30 ሚሊኒውተን ገደማ ነው፤ የውሃ የገጽ ውጥረት ደግሞ 72። ለዚህ ነው ውሃ ላዩ ላይ እየተንከባለለ የሚወርደው፤ ተራ ቀለምም እንዲሁ ይሆናል። መድኃኒቱ ግን ከታወቀ ቆየ። በሳሙና ይታጠባል፣ በአልኮል ይጠረጋል፣ በቁጥር 600 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይታሻል፣ ለፕላስቲክ የተሠራ ማጣበቂያ ፕራይመር በስሱ ይረጫል፣ ከዚያ የሚተጣጠፍ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ይለብሳል። የላሜራ ስቱኮ በአጠገቡ አይለፍ።

አንጸባራቂ ቀይ ቀቡት አላልኩም። ጥቁሩን ወደ ጥቁርነቱ መልሱ ነው የምለው። ይህን ማድረግ እየተቻለ ፕላስቲኩን ለፀሐይ መተው ቸልተኝነት ነው።

አይቀባም!

«ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። አባቴ ቸልተኛ አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ኡኖዋን ግቢ መሐል አውጥቶ ያጥባት ነበር። ላቫጆ ወስዷት አያውቅም። አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ አሮጌ ከነቴራ፣ በቃ። ሲጨርስ ቫዝሊን በጣቱ ዛቅ አድርጎ ጥቁሩን ፕላስቲክ ከፊት እስከ ኋላ ያሸዋል። ቁመቴ የሚደርሰው እዚያው ስለነበረ የበሮቹ ፕላስቲክ የእኔ ድርሻ ነበር። ሌላው የሰፈር ልጅ ሲጫወት እኔ ፕላስቲክ ሳሽ አድጌያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ብስክሌቴን ስገፋ በቀኝ በኩል ያለውን የበር ፕላስቲክ በመሪው ጫፍ ጫርኩት። ጣት የሚያህል፣ ጠለቅ ያለ ጭረት። ጓዳ ገብቼ ተደብቄ ዋልኩ። ማታ አባቴ ጠራኝ፤ እጄን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰደኝና ጭረቱን እያሳየኝ «እዚህ የተለጠፈው ለዚህ ነው፤ እሱ ባይኖር ላሜራው ነበር የሚጎዳው» አለኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። ጭረቱንም አላስደፈነውም። ቅዳሜ ሲደርስ እሱንም እንደ ሌላው በቫዝሊን አሸሁት።

አባቴ ካረፈ በኋላ ወንድሜ በቅን ልብ ተነሣስቶ መኪናዋን ጋራዥ አስገባት። ስትመለስ ፕላስቲኩ ሁሉ እንደ ገላዋ ቀይ ሆኗል። ጭረቱ በስቱኮ ተደፍኗል። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ ብዙ አየቻትና «ይቺ የማን ናት?» አለች። ክረምቱ ሳይወጣ ቀለሙ መላጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ከፓራውልቱ ጥግ፣ ቀጥሎ ከበሮቹ። አባቴ ስንት ዓመት የተንከባከባት መኪና ቆዳዋ የተገፈፈ ከብት መሰለች።

ፋብሪካው ፕላስቲኩ ላይ ያተመው ረቂቅ ሸካራነት አለ፤ እጃችሁን ስታሳርፉበት እንደ ቆዳ ይሰማችኋል። ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ፕራይመር ይደፍነዋል። አንዴ ከሄደ የሚመልሰው ሰው የለም። በቅባት ያሸ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ በሳሙና አጥቦ ያወጣዋል፤ የፋቀ ሰው ምን ያደርጋል?

ጥቁሩም ቢሆን ከቀለም እጥረት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂቲአይ ጎማዎቿ የተከበቡት በጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ እስከ ዛሬ ከምትታወቅባቸው መልኮቿ አንዱ እሱ ነው። የጎልፍንም የኡኖንም መልክ ያወጣው ጆርጄቶ ጁጃሮ ጥቁሩ የት እንደሚቆም፣ ቀለሙ የት እንደሚጀምር አስቦበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ፕላስቲክ ለመመታት የተቀመጠ ነው። የተመታውን ሁሉ በገጹ ላይ ጽፎ ይይዛል። ያንን ጽሑፍ በቀለም መሸፈን ለእኔ ውሸት ነው።

«ውሸት»?

መርጫ ይዤ ጭስና ቲነር ስተነፍስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህች ቃል አመመችኝ። ቀለም ቀቢ ውሸታም አይደለም። የኡኖዋ ላሜራ ቀይ ሆኖ ከመሬት አልበቀለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ተረጭቶ ነው። ጽሑፌን የተቃወሙት እህቴ ላሜራው ዝገት ሲጀምረው አያስቀቡትም? ለፋሲካ የቤታቸው ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ጎረቤታቸውን ዋሹ እንላለን? የዛገ የቆርቆሮ አጥር አንቲረስት ሲቀባስ?

የእሳቸው ቀለም የተላጠው ያ ጋራዥ ፕላስቲክን እንደ ላሜራ ቆጥሮ ስለቀባ ነው። ስቱኮ መጠቀሙ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። የአንድ ጋራዥ ጥፋት የሙያው ሁሉ ጥፋት አይሁንብን።

አባታቸውን ነፍስ ይማር፤ ቸልተኛ ያልኩት እሳቸውን አይደለም። ሆኖም እውነቱን ልናገር፦ ቫዝሊን ጨረር አያግድም። ለሳምንት ያጠቁራል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ስንጥቁ ከሥሩ ይቀጥላል። ያ የበር ፕላስቲክ የተሰበረ ዕለት ጭረቱም፣ ትዝታውም አብሮ ይወድቃል።

የቅዳሜው ፕላስቲክ

የቤቴ ግድግዳ በየዓመቱ ሲቀባ ነው የኖረው፤ ያንን ከአባቴ መኪና ጭረት ጋር አንድ ማድረግ አልችልም። ቀለም ቀቢው ስለ ቲነሩ ያሉትን ግን አንብቤ አዝኛለሁ። ሙያቸውን ለመስደብ አልጻፍኩም።

ቫዝሊን ጨረር አያግድም አሉኝ። እሺ፣ አያግድ። ስለዚህ ኡኖዋ ቀን ቀን ጥላ ሥር ትቆማለች፤ ዛፍ በሌለበት አቡጀዲ አለብሳታለሁ። ፀሐይ ያመጣውን ጥላ ይመልሰዋል።

አሮጌ መኪና ከወላጅ የተረከባችሁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ጭረት ማን እንደጫረው ቤት ያሉትን ጠይቁ።

እኔ የወንድሜን ቀይ ቀለም በጥፍሬና በእንጨት ማንኪያ ሦስት ሳምንት ፈጅቼ አንሥቼዋለሁ። ስቱኮውን ከጭረቱ ውስጥ በመርፌ አወጣሁት። ፕላስቲኩ አሁን ግራጫ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የበሮቹን አሸችው።