የማይተካውን ዘር ማን ይቆጥረዋል? ከሲሪንቃ የሚቀዳ ትምህርት

ሰኔ በሀብሩ ወረዳ ሁለት ዓይነት ቆጠራ የሚገናኝበት ወር ነው። አርሶ አደሩ አዝመራው ሳይሰበሰብ መርጦ ቆርጦ ከምድጃው በላይ የሰቀለውን፣ ጭስ የጠገበውን የማሽላ ራስ አውርዶ ለዘር የሚበቃውን ይለያል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነውና የንብረት ክፍል ባለሙያዎች መዝገብ ይዘው ግምጃ ቤት ይገባሉ፤ ወንበሩን፣ ጎማውን፣ መለዋወጫውን ይቆጥራሉ። አርሶ አደሩ ዘሩን አንሥቶ የሚጠይቀው “ይበቅላል ወይ?” ብሎ ነው። የንብረት ክፍሉ ጥያቄ “አለ ወይ?” የሚል ነው።

በግብርና ምርምር ማዕከል ግምጃ ቤት ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ መዝገብ ላይ መልስ ማግኘት አለባቸው። ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚታጣ ለማየት ከሲሪንቃ የቀረበ ማሳያ የለም።

በአካባቢው ስም የሚጠሩ ዘሮች

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛል። በአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ካሉት ማዕከላት አንዱ ሲሆን፣ በቆቦ፣ በጃሪና በጨፋ ባሉት ንዑስ ጣቢያዎቹ አማካይነት የምሥራቅ አማራን ዝናብ አጠር ቆላና ወይና ደጋ ሲያገለግል ቆይቷል። የሥራው ፍሬ በስሞቹ ይታወቃል። “ጊራና 1”፣ “ሆርማት”፣ “የጁ” የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች፣ “ዞብል” የተባለው የጤፍ ዝርያ የወጡት ከዚሁ ማዕከል ነው። ስማቸውን የወሰዱትም ከወሎ ምድር፣ ከመንደሩ፣ ከሸለቆውና ከተራራው ነው።

ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ2005 የተለቀቀው “ሆርማት” እና ከእርሱ ሦስት ዓመት የሚቀድመው “ብርሃን” አቀንጭራን በመቋቋማቸው ይታወቃሉ። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው፤ ከአፈር ብቅ ብሎ ሐምራዊ አበባውን ሲያሳይ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል። አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ታራግፋለች፤ ዘሩም ለዓመታት በአፈር ውስጥ ሳይሞት ይቆያል። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ማዳቀል ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን እንዲያገኙ ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ ማውጣታቸው ነበር። አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር በአንድ ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ መኖሩና አለመኖሩ፣ በቆቦና በሀብሩ ሜዳ ላይ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉርስ መኖሩና አለመኖሩ ማለት ነው።

ጦርነቱ ሲደርስ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ወልዲያንና አካባቢዋን አዳረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ በዘለቁት ወራት የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የዘረፋና የውድመት ሰለባ ሆነ። ከሰላም በኋላ በሚሠራ የጉዳት ዝርዝር ውስጥ በቅድሚያ የሚታዩት ግዙፎቹ ነገሮች ናቸው፤ ተሽከርካሪ፣ ትራክተር፣ ኮምፒውተር፣ የቤተ ሙከራ መሣሪያ፣ ሕንፃ። እነዚህ ዋጋ አላቸው፤ የተገዙበት ደረሰኝም አላቸው። በጀት ከተገኘ ይተካሉ።

ዘር ግን እንዲህ አይደለም። ለዘራፊ በከረጢት ያለ ዘር እህል ነው፤ ይበላል፣ ይሸጣል፣ ወይም ከረጢቱ ተፈልጎ መሬት ላይ ይደፋል። አንድ አዲስ ዝርያ ከመጀመሪያው መረጣ ወይም ማዳቀል እስከ መለቀቅ ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ ይጠይቃል። በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ዓመት ላይ ያለ የሙከራ ዘር ሲጠፋ የሚጠፋው ክብደቱ አይደለም፤ የእነዚያ ሁሉ ክረምቶች ልፋት ነው። በጨረታም አይገዛም፤ ሻጭ የለውምና።

የመዝገቡ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከፋል። የጠፋው ዘር ምን እንደነበረ፣ ከየት እንደተሰበሰበ፣ በየዓመቱ በማሳ ላይ ምን ውጤት እንዳሳየ የተጻፈበት ደብተር በዚያው ግቢ፣ በዚያው ቢሮ ከነበረ፣ ዘሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። አንዴ በአካል፣ አንዴ በወረቀት። ሌላ ቦታ ቅሪቱ ቢኖር እንኳ “ይኸው እርሱ ነው” ብሎ የሚለየው አይገኝም።

ሞዴል 19 የማያየው

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ግምጃ ቤት የሚገባ ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ የሚወጣው በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል። በመደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ ይንጠለጠላል፤ በሒሳብ ክፍል ስቶክ ካርድ ይያዛል። ይህ አሠራር ለዘመናት ያገለገለና ለተጠያቂነት የሚበጅ ነው። ማን ተረከበ፣ ማን አስረከበ፣ ስንት ቀረ የሚሉትን ይመልሳል።

ጉድለቱ የሚታየው የንብረቱ ክብር ከዋጋው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። አንድ የመኪና ጎማ በሺዎች የሚቆጠር ብር ስለወጣበት ቁጥር ተለጥፎበት፣ ተፈርሞበት ይጠበቃል። አንድ ፖስታ የሙከራ ጤፍ በገበያ ዋጋ ከቡና ሲኒ አይበልጥም። በዋጋ ብቻ የሚመራ መዝገብ ስለ ጎማው ይጨነቃል፤ ፖስታውን ለተመራማሪው መሳቢያ ይተወዋል።

የፖስታው ትክክለኛ ክብደት የሚታወቀው በስሌት ነው። ለ1 ሄክታር ማሽላ 10 ኪሎ ግራም ዘር ይበቃል እንበል፤ ምርቱም በሄክታር 20 ኩንታል ይሁን። 1 ኪሎ ግራም አራቢ ዘር አንድ አሥረኛ ሄክታር ይሸፍንና 2 ኩንታል ይሰጣል። ያ 2 ኩንታል በቀጣዩ ክረምት 20 ሄክታር ይሸፍናል፤ 400 ኩንታል ይሆናል። 400 ኩንታሉ በሦስተኛው ክረምት 4 ሺህ ሄክታር መሬት ያለብሳል። በጽዳትና በመለየት የሚቀነሰው ቢቀነስ እንኳ መልእክቱ አይለወጥም፤ በመጀመሪያው ዓመት በእጅ የሚያዝ አንድ ኪሎ፣ በሦስተኛው ዓመት የወረዳ ጉዳይ ነው። አራቢ ዘር ወደ ቅድመ መሥራች፣ ከዚያም ወደ መሥራች፣ በመጨረሻም ወደ ተመሰከረለት ዘር እየተባዛ አርሶ አደሩ ዘንድ የሚደርሰውም በዚሁ ሰንሰለት ነው። እንደ አማራ ምርጥ ዘር ድርጅት ያሉ ትልልቅ አባዦች ሥራቸው የሚቆመው ከላይ ባለችው ትንሽ ከረጢት ላይ ነው።

ከዚህም በላይ ዘር ሕይወት ያለው ንብረት ነው። ቢን ካርዱ “50 ኪሎ አለ” ሲል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከ50ው ኪሎ ስንቱ እንደሚበቅል ግን አይናገርም። የዘር ፊዚዮሎጂ ባለሙያዎች የሚሠሩበት አንድ ቀላል መመሪያ አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ፣ ወይም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል። የዚህ ተቃራኒም ያው እውነት ነው። በሞቃት ቆርቆሮ ቤት የተቀመጠ ዘር ማንም ሳይነካው፣ አንድ ኪሎ ሳይጎድል ሊሞት ይችላል። ቆጠራው ሙሉ ነው፤ ግምጃ ቤቱ ግን ባዶ ነው።

ሌሎች እንዴት አተረፉት?

የሲሪንቃ ዕጣ የመጀመሪያው አይደለም። በሶርያ፣ ከአሌፖ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል “ኢካርዳ” ከዓለም ታላላቅ የስንዴ፣ የገብስና የጥራጥሬ ስብስቦች አንዱን ይዞ ነበር። ጦርነቱ ሲበረታ ማዕከሉ ስፍራውን ለቀቀ። ነገር ግን አብዛኛው ስብስብ አስቀድሞ ተከፍሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በኖርዌይ ስቫልባርድ በተከፈተው የዘር ማከማቻ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢካርዳ ያስቀመጠውን ማውጣት ጀመረ፤ ከስቫልባርድ ዘር ወጪ ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዘሩን በሊባኖስና በሞሮኮ አባዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፊሉን መልሶ አስቀመጠ። ያዳነው ወታደር ወይም ግንብ አልነበረም፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂና ቅጂው የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ ነው።

ኢትዮጵያም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመውና ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የዘር ባንክ ከ80 ሺህ በላይ ናሙናዎችን ይዟል። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ወሎን ባደቀቀ ጊዜ፣ በዶክተር መላኩ ወረደ ይመራ የነበረው ተቋም ባለሙያዎች የአርሶ አደሩ ነባር ዘር ተበልቶ ወይም በእርዳታ እህል ተተክቶ ከማለቁ በፊት ለመሰብሰብ ተረባርበዋል። ዶክተር መላኩ እ.ኤ.አ. በ1989 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት ለዚህና ለመሰል ሥራቸው ነው። እንደ “ደጋሌት” እና “ጅጉርቲ” ያሉ የወሎ ማሽላዎች ዋና ጠባቂም ራሱ አርሶ አደሩ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ልዩነት ያሳያል። ነባሩ ዘር በአርሶ አደሩ ማሳና በባንኩ አለ። የተለቀቀው ዝርያም በአባዦችና በአርሶ አደሮች እጅ ይገኛልና ተፈልጎ ሊሰበሰብ ይችላል። መሐል ላይ ያለው፣ ከአርሶ አደሩ የወጣ ግን ገና ወደ አርሶ አደሩ ያልተመለሰው የሙከራ ዘር ጠባቂው ማዕከሉ ብቻ ነው። አደጋው የሚከፋውም በእርሱ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ምን ይሠራ?

መፍትሔው የግድ ውድ ማሽን አይጠይቅም። የመጀመሪያው ሥራ የግምጃ ቤቱን ንብረት በዋጋ ሳይሆን በመተካት አቅም መደልደል ነው። የሚገዛው በአንድ ወገን፣ ከሌላ ተቋም ተጠይቆ የሚገኘው በሌላ ወገን፣ ፈጽሞ የማይተካው በሦስተኛ ወገን ይመዝገብ። ሦስተኛው ክፍል በዓመት አንዴ በሰኔ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ ሊቆጠር ይገባዋል።

ሁለተኛው ካርዱ የሚይዘውን መጨመር ነው። በእያንዳንዱ ፖስታና ከረጢት ላይ መለያ ቁጥር፣ የተሰበሰበበት ቦታና ዓመት፣ የመጨረሻው የብቅለት ፍተሻ ቀንና ውጤት፣ ቀጣዩ ፍተሻ የሚደረግበት ቀን ይጻፍ። የመድኃኒት መጋዘኖች “ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ” በሚል ሥርዓት እንደሚሠሩ ሁሉ፣ ብቅለቱ እየቀነሰ ያለ ዘር ቀድሞ ወደ ማሳ ወጥቶ ሊታደስ ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው ቅጂ ነው። አማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከሲሪንቃ ሌላ በአዴት፣ በደብረ ብርሃን፣ በጎንደርና በሰቆጣ ማዕከላት አሉት። ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የደብረ ብርሃን ብርድ ለዘር ማቆያ ተፈጥሮ የሰጠችው ማቀዝቀዣ ነው። ከየማዕከሉ ጥቂት ግራም ወደ ሌላው ማዕከል፣ ጥቂት ግራም ወደ አዲስ አበባው የዘር ባንክ ቢላክ ወጪው የአንድ ጉዞ ነዳጅ ነው። መዝገቡም እንዲሁ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ሥጋቶች አሉ፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው የባለቤትነት ነው። ተመራማሪ አሥር ዓመት የደከመበትን ዘር ለሌላ አሳልፎ ለመስጠት ቢያመነታ አይፈረድበትም። የስቫልባርድ ልምድ ለዚህ መልስ አለው፤ አስቀማጩ ብቻ የሚያወጣው የታሸገ ሣጥን ነው፤ አስቀማጭነት ባለቤትነትን አይወስድም። ሁለተኛው የመብራትና የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። በኮምፒውተር ብቻ የተያዘ መዝገብ መብራት ሲጠፋ አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ የወረቀት ግልባጭ ያስፈልገዋል፤ ግልባጩም ከግቢው ውጪ ማደር አለበት።

የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም ከተፈረመ በኋላም ክልሉ ከጸጥታ ችግር አልወጣም። ስለዚህ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንዳይሆን፣ ቆጠራው መካሄድ ያለበት ዛሬ፣ ዘሩ በመደርደሪያው ላይ ሳለ ነው።

የሀብሩ አርሶ አደር ለዘር የመረጠውን ማሽላ ከፊሉን ከምድጃው በላይ ይሰቅላል፣ ከፊሉን በቅል ያስቀምጣል፤ ከዚያም ላይ ለጎረቤት ያበድራል። ቤቱ ቢቃጠል ጎረቤቱ ዘንድ ያለው ይተርፈዋል። የማንን ዘር ማን እንደወሰደ በቃል ያውቃል። የምርምር ማዕከሎቻችን ግምጃ ቤት ከዚህ ጥበብ ያነሰ ሥርዓት ሊኖረው አይገባም።