ከጋቢ ሥር የተሸሸገው ሽጉጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ የጦር መሣሪያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው፣ በፋሺስት ወረራ ዘመንም በየገደሉ የተዋጋው የሸዋ ሕዝብ ጠመንጃን እንደ አባት አደራ ሲጠብቅ ኖሯል። ያ ጠመንጃ ግን ግልጽ ነበር። በትከሻ ላይ ይታያል፤ ጎረቤት ያውቀዋል፤ ባለቤቱም ለቅዳሴ ሲመጣ ከቅጥር ውጭ አኑሮት ይገባል።

አሁን ግን ሌላ ልማድ እየታየ ነው። ጠመንጃ ያለው ሰው «ለክፉ ቀን» ብሎ ሁለተኛ መሣሪያ፣ ትንሽ ሽጉጥ፣ ከጋቢው ሥር ይታጠቃል። ምክንያቱን አቃልሎ ማየት አይገባም። በዐማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጇል፤ የዐዋጁ ጊዜ ካበቃ በኋላም ሰላም አልሰፈነም። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዓለም ከተማም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ዝርፊያንና እገታን ይፈራል። ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ቢደነግግም፣ ሕግ አስከባሪ በሌለበት ስፍራ የቤተሰቡ ደኅንነት የሚያሳስበውን አባወራ ከሩቅ ሆኖ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል። የተሸሸገው ሽጉጥ በአብዛኛው የሚመዘዘው በማን ላይ ነው? ሽፍታ ሲመጣ ጠመንጃው አለ። ሽጉጡ የሚመዘዘው በሠርግ ቤት፣ በጠላ ቤት፣ በወሰንና በውርስ ክርክር መካከል ነው። ቀድሞ የተቆጣ ሰው ጠመንጃውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ እስኪሄድ ድረስ እናት ታለቅሳለች፤ ሽማግሌ ይቆማል፤ ካህን መስቀሉን ይዞ ይደርሳል። ያች ጥቂት ጊዜ የብዙዎችን ነፍስ አትርፋለች። በወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ ግን ይህችን ጊዜ ያጠፋታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ደም መመለስ ነው፤ እርሱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

አንዳንዶች በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ሐዋርያት ለጌታ ያሳዩትን ሁለት ሰይፍ ማስረጃ ያደርጉታል። በዚያው ሌሊት የሆነውን ግን አይጨምሩም። ቅዱስ ጴጥሮስ ከሁለቱ አንዱን መዝዞ የማልኮስን ጆሮ ሲቈርጥ ጌታ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ የተቈረጠውንም ፈወሰ። ሰይፉ ጌታን አልጠበቀም፤ ሌላ ቁስል ጨመረ እንጂ።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው መልእክት፣ አባቶች በጦርነት መግደልን እንደ ነፍስ ግድያ ባይቈጥሩትም እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢከለከሉ መልካም እንደ ሆነ መክሯል። ለአገር በመዋጋት እንኳ ይህ ከተባለ፣ በጠብ መካከል ስለሚፈሰው ደም ምን እንላለን? ሰኔ 24 ቀን የምናከብረው ሙሴ ጸሊም ቀድሞ ወንበዴ ነበር፤ ሰይፍን ጠንቅቆ ያውቃል። በርበሮች ገዳሙን ሲወርሩ ግን ሰይፍ አላነሣም፤ በሰይፍ ያለፈ ሕይወቱን አስታውሶ ሞትን ተቀበለ። ሁሉ ሰው በዚህ መዓርግ ላይ አይደርስም፤ መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ግን ያሳየናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ የተሸሸገ መሣሪያ ይዘን ከቅጥረ ቤተ ክርስቲያን አንግባ፤ ወደ ሠርግ፣ ወደ ማኅበርና ወደ ሽምግልናም አንውሰደው። ሁለተኛ፣ ቂም ወይም ስጋት ያለበት ምእመን ደም ከፈሰሰ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ይንገር። ሦስተኛ፣ እኛ አገልጋዮች ምሳሌ እንሁን። ሰው የገደለ ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ሥርዓታችን ያዝዛልና፣ መንገድ ያስፈራናል ብለን ሽጉጥ ብንታጠቅ ምእመኑን ምን ብለን እንመክራለን? ለመንግሥትም ሆነ ለታጠቁ ወገኖች የምንለው አንድ ነው፤ ገበሬው ያለ ሽጉጥ ገበያ ወጥቶ የሚገባበትን መንገድ ስጡት።

ፍርሃት ሁለተኛ መሣሪያ ያስታጥቃል፤ ሁለተኛው መሣሪያም ጎረቤትን አስፈርቶ ሌላ ሽጉጥ ያስገዛዋል። ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ የሚያስችለው ዕርቅ ነው፤ ዕርቁንም ዛሬ ከአጠገባችን ካለው ሰው እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።