ለጆሮ የተገዛ ካምሻፍት
በሼቭሮሌት 350 ሞተር ላይ ትልቅ ካምሻፍት ከሚያስገጥሙት ብዙዎቹ የሚከፍሉት ለጉልበት ሳይሆን ለድምፅ ይመስለኛል። ሚኒሞ ላይ የሚሰማው ያ የተቆራረጠ ጉርምርምታ የሚመጣው የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ ሲረዝም ነው። ጆሮ ይወደዋል፣ የእኔም ጭምር! ግን የሞተሩ ቫኩም ስለሚወርድ የፍሬኑ አጋዥ ይደክማል፣ ፔዳሉ ይጠጥራል፤ ጉልበቱም ወደ ከፍተኛ ዙር ስለሚሸሽ መኪናው ከትራፊክ መብራት ሲነሳ ይለግማል። የከተማ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚፈጀው በዝቅተኛ ዙር ነው። ታፔቱ 0.050 ኢንች ከተነሳ በኋላ ሲለካ ከ210 እስከ 220 ዲግሪ የሚከፍት ካም ለዚህ ሞተር በቂ ነው። ከዚያ በላይ የሚሻ ሰው ለቫልቭ ሞላው፣ ለካምቢዮው ኮንቨርተርና ለኮምፕሬሽኑም ገንዘብ ያዘጋጅ።