ፌሮው ለቆራሌ፣ አርማታውስ?



በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ስለ ትዝታው አወራን፤ ፍርስራሹ የት እንደሚገባ የጠየቅነው ግን ጥቂት ነን። ቤት ሲፈርስ ፌሮው ተፈልቅቆ ለቆራሌ ይሸጣል፣ በርና መስኮቱም ገዢ አያጣም። አርማታው ግን በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይደፋል። ለአዲሱ ሕንፃ ደግሞ ሌላ ገልባጭ መኪና ከተራራ ተፈልጦ የተፈጨ ጠጠር ይዞ ይመጣል። ይህ ኢስራፍ ካልሆነ ምን ኢስራፍ አለ?

ከአርማታ ሦስት አራተኛው ገደማ ጠጠርና አሸዋ ነው። አሮጌው ተፈጭቶና ተነፍቶ እንደገና ጠጠር ይሆናል። ድንጋዩ ላይ የቀረው የድሮ ሲሚንቶ ግን ውሃ ይመጣል። ይህ ሳይታሰብ ከተቦካ ውህዱ ይደርቃል፣ ሠራተኛው ውሃ ይጨምርበታል፣ ጥንካሬው ይወርዳል። ስለዚህ ጠጠሩን ቀድሞ ማርጠብ ያስፈልጋል። ፍርስራሹ ንጹሕ ከሆነ ከትልቁ ጠጠር እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን መተካት ጥንካሬውን ብዙም አይጎዳም።

ጭንቁ ያለው "ንጹሕ ከሆነ" የሚለው ላይ ነው። ከድሮ ሰፈር ፍርስራሽ ብዙው ጭቃና ጭድ ነው። ይህ ከአርማታው ጋር አንድ ላይ ከተዛቀ በኋላ መለየት ጤፍን ከአሸዋ መልቀም ነው። ጂፕሰም ሲገባበት ደግሞ የባሰ ነው፤ አርማታው ውስጥ ቆይቶ እብጠትና ስንጥቅ ያመጣል። መፍጫ ማሽን ከመግዛት በፊት እየለዩ ማፍረስ በአፍራሹ ውል ውስጥ መግባት አለበት እንላለን።

"አረንጓዴ አርማታ" የሚለው ስም ግን አይጥመንም። ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከሲሚንቶ ነው፤ ጠጠር መቀየር ሲሚንቶውን አይቀንስም። የሚተርፈው ተራራውና የቆሻሻ መድፊያው ቦታ ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ምሰሶ ላይ ሙከራ ይጀመር አንልም። የግቢያችን የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ የውሃ ቦይ፣ የውዱእ ቦታ ወለል ይበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች፣ ናሙናውን በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ሰብራችሁ ውጤቱን ላኩልን። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም ኢንሻአላህ እዚሁ እናወጣዋለን።