ስማርት እስከ መቼ?

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ በሄድኩበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ከፊቴ የተሰለፉትን እናት «እማማ፣ በዚህ አይሆንም። ስማርት ስልክ ይዘው ይምጡ» አላቸው። እሳቸው ስልካቸውን ከመሐረብ ፈትተው «ልጄ፣ ይሄም እኮ ስማርት ነው ተብሎ ነው የተገዛልኝ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ታች ነው፣ ፎቶ ያነሳል፣ ኢንተርኔት ይከፍታል። የመሥሪያ ቤቱ አፕ ግን በአሮጌ ስልክ ላይ አልጫንም ብሎ እምቢ አለ።

እኔ የምለው፣ የዚህ «ስማርት» የሚባል ማዕረግ ሰጪው ማነው? ነሺውስ?

እ.ኤ.አ. በ1994 አይቢኤም «ሳይመን» የሚባል፣ በጣት የሚነካ፣ ፋክስና ኢሜይል የሚልክ ስልክ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ለልጆች ብታሳዩት ጡብ ነው የሚሉት። በ1996 ኖኪያ እንደ መነጽር ቤት የሚከፈተውን ባለ ኪቦርድ «ኮሚዩኒኬተር» አመጣ፤ በቃ፣ ብልጥ ስልክ እሱ ሆነ። በ2007 ደግሞ ስቲቭ ጆብስ አይፎኑን ይዞ መድረክ ወጣና ሌሎቹ ስማርት የሚባሉት ያን ያህልም ስማርት አይደሉም አለ። ድፍረቱ! የእሱ አይፎን ያኔ ጽሑፍ ቀድቶ መለጠፍ እንኳ አይችልም ነበር፤ የቻለው በ2009 ነው። የአፕ መደብሩም የተከፈተው በ2008 ነው። «ስማርት ማለት የፈለጉትን አፕ የሚጭኑበት ነው» በሚለው በዛሬው ትርጉም ከሄድን፣ የተናቁት ኖኪያና ብላክቤሪ ፈተናውን ያልፋሉ፣ አዲስ የወጣው አይፎን ይወድቃል።

በ2017 ዋትስአፕ በነዚያው በድሮዎቹ የኖኪያና የብላክቤሪ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቆመ። ስልኮቹ አልተሰበሩም። ባለቤቶቻቸው ግን ስማርት ይዘው ተኝተው ተራ ስልክ ይዘው ነቁ። (እኛ «ዘመናዊ ስልክ» ብለን መተርጎማችን ሳይሻል አይቀርም፤ ዘመን እንደሚያልፍ ቢያንስ ይናገራል።)

«አሮጌ ስልክ ለገንዘብ ጉዳይ አያስተማምንም» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላክ ሲያቆም ስልኩ ለሌባ ይጋለጣል። ታዲያ ያቆመው አምራቹ፣ የሚቀጡት እማማ? ቴሌብር በ2021 ሲጀመር በአፕም፣ ቁልፍ ስልክ ላይ በ*127#ም እንዲሠራ ተደርጎ ነው። ከተፈለገ ይቻላል ማለት ነው። «አፕ ብቻ» የሚል መሥሪያ ቤት ኮሚሽን የማይከፈለው የስልክ ደላላ ሆኗል ባይ ነኝ።

እማማ ስልካቸውን መልሰው እየቋጠሩ «እሺ፣ ሌላ ልግዛ። እሱስ እስከ መቼ ነው ስማርት የሚሆነው?» አሉት።

ልጁ «ቀጣይ!» አለ።